ኮይሉ ነው

ሰፈሩ «ጣጣየለው» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የመጣውን ሁሉ ገና የመኪናውን ኮፈን ሳይከፍት «ጣጣ የለውም!» ስለሚል የተለጠፈበት ነው። ሞተሩ ነክሶ በገመድ እየተጎተተ ለመጣ ጣጣ የለውም። ማርሽ አልገባ ላለው ጣጣ የለውም። አንድ ጊዜ ግንብ ገጭታ አፍንጫዋ ሆዷ ውስጥ የገባች መኪና ያመጣን ሰው ሳይቀር ጣጣ የለውም ብሎ ከልቅሶ ወደ ሳቅ መልሶታል። ደግሞ ውሸቱን አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁን ከቅባት ያላወጣ ሰው ብዙ ነገር አይቸግረውም። ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል ያደርግና ትንሽ ያዳምጣል፤ ከዚያ «ሦስተኛዋ ካንዴላ» ይላል። ሲፈታ ሦስተኛዋ ካንዴላ ሆና ትገኛለች።

አንዲት አሮጌ መኪና ግን አስቸገረችው። የሚያናድደው ደግሞ ከከተማው መኪና ሁሉ አንዲቷን ብቻ መርጠህ ጠግን ቢባል እሷን ነበር የሚመርጠው።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሙ ናት። «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አባታቸው ሲሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጋሼ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበሩ፤ ወንድምም አባትም ሆነው አሳደጉት። ጫማ ሰሪ ናቸው። የሚስታቸው የእትዬ ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ጋሼም ሱቃቸውን ዘጉና ሹፌር ሆኑ፤ አንዲት ተሳፋሪ ብቻ ያለቻቸው ሹፌር።

እትዬ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከተማው ማዶ ባለው ሆስፒታል ደማቸው ይታጠባል። ይሄ ካልሆነ አይኖሩም፤ ነገሩ እንዲህ አጭር ነው። በክፍሉ ያሉት መሣሪያዎች ስድስት፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ግን አስራ አራት ነው። ስለዚህ ኃላፊዋ ሲስተር ወዳም ሳይሆን ተገዳ አንድ ሕግ አውጥታለች። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሦስት ጊዜ የዘገየ ቦታውን ለተጠባባቂ ይለቃል፤ ራሱ ደግሞ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ታክሲ እንዳይዙ የጋሼ ቤት ከከተማው ጫፍ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነው፤ እዚያ ታክሲ የሚደርሰው መንገድ ተሳስቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በዚያች አሮጌ መኪና ላይ ተንጠልጥሏል።

መኪናዋ ደግሞ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው ዳገት ላይ መቆም ጀመረች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመች ቀን ጋሼ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ይዘዋት መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እያሻሹ ልክ የልጅ ሕመም እንደሚናገር ሰው አንድ በአንድ ነገሩት። ከቤት ስትነሳ ደህና ናት። ሜዳውን ደህና ትሄዳለች። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ዳገቱን ስትጀምር ታስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ጭጭ። ማስነሻው ሞተሪኖ ሲሽከረከር ይሰማል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ከቆየች ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነስታ ትሄዳለች።

«አርፍደን ደረስን። ሲስተር አንድ ጻፈችብን» አሉ።

«ጣጣ የለውም ጋሼ!» አለ ጣጣየለው።

መኪና ሲመረምር ከሁሉ በፊት የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከፍቶ ቤንዚን መኖሩን በዓይኑ ያያል። ጀማሪ ሳለ አንዱን ሞተር ከጠዋት እስከ ማታ በትኖ ሲገጣጥም ውሎ፣ ለካ ታንኩ ባዶ ኖሯል፤ ጌታው የነበረው መካኒክ ለአንድ ዓመት ስቆበታል። ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ በልጆቹ ቢምልለት እንኳ ክዳኑን ሳይከፍት ሌላ ነገር አይነካም። ያን ቀንም ከፈተ። ክዳኑ ከወትሮው ጠበቅ ብሎበት ነበር። ገልብጦ ሲያየው ውስጡ ላይ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠች ክብ ነገር ተለጥፋለች። ዙሪያዋ በምላጭ የተላገ ያህል ጥርት ያለ ነው፤ ማስቲሹ አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም።

«እሷን እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ፣ ትንሽ እንደ ማፈር ብለው። «የቤንዚኑ ሽታ እትዬህን ያቅለሸልሻታል። ታጥባ ስትመለስ ደግሞ ይብስባታል። አንዲት ትንፋሽ እንዳይወጣ አድርጌ ደፈንኩት።»

«እጅዎ ይባረክ!» አላቸው። ከልቡ ነው ያላቸው። «እንዲህ ያለ ሥራ ከፋብሪካም አይወጣም።»

ይህን የተናገረ አፍ በኋላ ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። የቤንዚን ማጣሪያውን ቀየረ። ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ። ካንዴላዎቹን አጸዳ። ከጋራዡ እስከ ዳገቱ አናት አስር ደቂቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወጣበት፤ መኪናዋ እንደ ፍየል ዘላ ወጣች። ሁለቱንም ጊዜ ሳይነሳ በፊት እንደ ልማዱ ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚኑን አይቷል። «ጨርሻለሁ ጋሼ፣ ይውሰዷት» አለ።

አስር ቀን ሳይሞላ ደገመች። ያውም ዝናብ ይጥል ነበር። ጋሼ ጃኬታቸውን እትዬ ላይ ጥለው ራሳቸው በሸሚዝ ሲንቀጠቀጡ ቆዩ፤ ሲስተርም ሁለት ብላ ጻፈች። ጣጣየለው የቤንዚን ፓምፑን ቀየረ፣ እሳቱን የምታቆራርጠውን ፑንቲና ቀየረ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በአፉ ነፋ። ግቢው ውስጥ በየመሃሉ ክዳኑን ከፍቶ ቤንዚኑን እያየ ግማሽ ቀን በሚኒሞ፣ በቆመችበት፣ ሲያስነሳት ዋለ፤ ልትቆምለት አልፈለገችም። ዙሪያዋን እየዞረ ይሰድባት ጀመር። ቀጥሎ ይለምናት ጀመር። ደንበኞች እየመጡ «ምነው፣ ጣጣ አላት እንዴ?» እያሉ ያላግጡበታል። ሰው ያልታየውን በሽታ በምን እጁ ይይዘዋል? ኮፈኗ ላይ ተደግፎ ቁጭ ሲል ዓይኑ ውስጥ ያለው ሞተሩ አልነበረም፤ የእትዬ ያበጠ ቁርጭምጭሚት ነበር።

«አንድ ቀርቶናል» አሉት ጋሼ በስልክ።

በመጨረሻ «ሰኞ አብሬያችሁ ልሂድ፤ ስትቆም ዓይኔ እያየ ትቁም» አለ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰዓት ቀድመው ይወጡ ነበር፤ ያን ሰኞም ገና ጎህ ሲቀድ ከደጃፋቸው ደረሰ። ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ጋሼ ከመሪው ላይ ሆነው «ትናንት ሞልቻታለሁ አልኩህ፣ ግባ!» ብለው ጮኹበት። ተቆጥተውት ስለማያውቁ ደንግጦ ገባ።

እትዬ ከኋላ ወንበር ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈዋል። ፊታቸው ገርጥቷል፤ አፋቸው ግን አልታመመም።

«ዛሬ ሐኪሙ ራሱ አብሮን ስላለ ታፍራለች፤ አትቆምም» አሉ።

ዳገቱን ሲጀምሩ አሳለች። ተንቀጠቀጠች። ጭጭ አለች።

ጣጣየለው ዘሎ ወረደ። የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ ከብረቱ ጋር አጠጋና «ያስነሷት!» አለ። ጋሼ ቁልፉን ሲያዞሩ ሰማያዊ እሳት ጠጭ ጠጭ እያለ ዘለለ። እሳቱ የጎበዝ እሳት ነው። ስለዚህ ከእሳቱ አይደለም። የካርቡራተሩን ቱቦ ነቀለ፤ ሞተሪኖው ሲሽከረከር ከቱቦው ጠብ ያለ ቤንዚን የለም። ፓምፑ አዲስ ነው። ማጣሪያው አዲስ ነው። ታንኩ ሙሉ ነው። ሙሉ ታንክ፣ ጤነኛ ፓምፕ፣ ደረቅ ቱቦ። ቆም ብሎ አሰበ። ከዚያ እግሩ ራሱ ወደ ኋላ ወሰደው።

ክዳኑን ያዘ። አልዞር አለው። ከውስጥ ሰው የያዘው ይመስላል። በሁለት እጁ ጠምዝዞ ሲነቅለው ታንኩ «ሽሽሽ» ብሎ ረጅም አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ሮጦ ሄዶ ቱቦውን አየ፤ ቤንዚን ጠብ ጠብ እያለ ነው።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። ታንክ እንደ ሰው ነው፤ ቤንዚን ሲሰጥ በምትኩ አየር መሳብ አለበት። ክዳኑ ላይ መርፌ የምታህል መተንፈሻ ነበረችው፤ የጋሼ ላስቲክ ደፈናት። ሃያ አምስት ደቂቃ ቤንዚን ሲወጣ፣ አየር ሳይገባ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ባዶነት ከፓምፑ ጉልበት ይበልጣል። ጋሼ መንገድ ላይ ቤንዚን በሞሉ ቀን የማትቆመውም ለዚህ ነው። ጋራዡ ውስጥ አልቆም ያለችው ደግሞ እሱ ራሱ ክዳኑን እየከፈተ ስለሚያድናት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳያውቅ ሲፈውሳት፣ ሳያውቅ በሽተኛ አድርጎ ሲመልሳት ኖሯል። ሳቁ መጣ። ወዲያው ግን ዓይኑ ክዳኑ ላይ ባለችው የጋሼ ላስቲክ ላይ አረፈ።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሼ። ከመኪናው ወርደው በአንድ እጃቸው የእትዬን በር ይዘዋል። «ምንድነው?»

ቀና ብሎ አያቸው። ጋሼን በሕይወቱ አንድም ቀን «ተሳስተዋል» ብሏቸው አያውቅም። አስር ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያ ጫማውን በገዛ እጃቸው ሰፉለት፤ ጣቶቹ ካልታጠፉ አይገባም። «ልክ ነው?» ሲሉት «ልክ ነው» አለ። ዓመቱን ሙሉ እያነከሰ ተማረ። ጋሼ ደግሞ የልጁ አረማመድ ግራ ገብቷቸው ሐኪም ቤት ወስደውት ነበር። በዚያ ቤት ፍቅር እንዲህ ነው የሚገለጸው፤ የሚቆረቁርህን ነገር ዋጥ ታደርጋለህ። አሁን ምን ብሎ ይንገራቸው? ሚስትዎን ለሞት ያስጠጋው የእርስዎ ፍቅር ነው፣ የእርስዎ ማስቲሽ ነው፣ ይበላቸው? ያውም «ከፋብሪካም አይወጣም» ብሎ ያሞገሰ እሱ ነው።

«ኮይሉ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ኮይሉ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልከው። ሲሞቅ ይደክማል። አሁን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አዲስ እገጥምልዎታለሁ።»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። እትዬ ከመስኮቱ «በሉ እሷንም አጠገቤ አልጋ ይስጧት፤ አብረን እንተኛለን» አሉ። መኪናዋ ተነሳች። ቀድመው ስለወጡ በሰዓቱ ደረሱ።

ከሰዓት በኋላ ውሸቱን ሙሉ ለማድረግ እውነተኛ ኮይል ቀየረ፤ ደህናውን አውጥቶ ሌላ ደህና አስገባ። ጋሼ ሻይ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ በቀጭን ሚስማር ላስቲኳን በሳት፤ ሚስማሩን እስከ መተንፈሻዋ ድረስ አሳለፈው። ቀዳዳዋ የጉንዳን ዓይን ታህላለች። ይህ በቂ ነበር። እዚያ ላይ ቢተወው ምናለ! ግን ጋሼ ሻዩን ይዘው ሲመለሱ «እንደገና ብትቆምብኝስ?» አሉት። «አትቆምም» አለ። «ምናልባት ብትቆም ኮይሉ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ ካልሆነ ይድገሙት።» ውሸታም ሲባል ክፉ ሰው ይመስለናል እንጂ፣ ያን ቀን ከእሱ የበለጠ ደግ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

ጋሼ በማግስቱ ጎረቤታቸውን አስተማሪውን አመስግነው አሰናበቱት። ሰውየው የራሱ መኪና ስላለው «እስክትሠራ ድረስ እኔ ላድርሳችሁ» ብሎ ከሚቀጥለው ሳምንት ሊጀምር ነበር። «ወንድሜ ነቅሎ ጥሎልኛል» አሉት። አንድ ሰዓት ቀድሞ መውጣቱንም ተዉት፤ እትዬ በዚያ የእንጨት አግዳሚ ላይ ሲጠብቁ ወገባቸው ይቆረጣል።

ጣጣየለው ቅዳሜ ሊነግራቸው ሄደ። መንገዱን ሁሉ አፉ ውስጥ እያላመጠ ነው የሄደው። «ጋሼ፣ ያቺ ላስቲክ አለች አይደል...» ይልና ይተዋል። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ግን...» ይላል፤ ይሄም አይጥመውም። በሩን ሲያንኳኳ ጋሼ ከፈቱለትና ምንም ሳይሉ አቀፉት። ሽበታቸው አገጩ ስር ነው። «ቤቴን አቆምክልኝ» አሉት። ሲያላምጥ የመጣውን ዋጠው። ሻይ ጠጥቶ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ተመለሰ።

መኪናዋ ኮይሉ ከተቀየረ ወዲህ ረቡዕ ደህና ሄደች። ዓርብም፣ ሰኞም። ግን ታንኩ አሁን ይተነፍሳላ! የሚተነፍስ ታንክ ይሸታል። እትዬ ሁለቱን ቀን ቻሉት፤ ሰኞ ግን ታጥበው ሲመለሱ መኪናው ውስጥ አስመለሳቸው። ጋሼ ማክሰኞ ክዳኑን አወለቁ፤ መነጽራቸውን አድርገው ሲመረምሩ ላስቲኳ ላይ ቀዳዳ አገኙ። ጫማ ሰሪ ቀዳዳ አይቶ ዝም አይልም። ሳስታ የተበሳች መሰላቸው። ላጥ አድርገው ጣሏትና በምትኩ ድርብ ላስቲክ ቆረጡ፤ በመሃሉ ፕላስቲክ አስገቡ፣ ማስቲሽ ቀቡ፣ መዶሻ ጭነውበት አደሩ። ለወንድማቸው አልነገሩትም። ሞተር የእሱ ነው፣ ላስቲክ የእሳቸው፤ በዚህ ደግሞ ምን ያስቸግሩታል?

ረቡዕ ጠዋት ጣጣየለው ከአንድ የጭነት መኪና ስር ተኝቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሰዓቱ ሁለት ከሩብ ነው። የጋሼ ስም ነው፤ በዚህ ሰዓት ሆስፒታል መሆን ነበረባቸው።

«አትደንግጥ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፤ የታዘዘውን በሚገባ የሠራ ሰው ድምፅ። «ዳገቱ ላይ ቆማብናለች። አንተ እንዳልከው ኮይሉ ላይ ውሃ አፈሰስኩና ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። አልተነሳችም። ደገምኩ። ሦስተኛም አፈሰስኩ፤ የእትዬህን የመጠጥ ውሃ ነው የጨረስኩት። በቃ ሰዓቱ ሲገፋ ጊዜ ልደውልልህ አልኩ።»

«ክዳኑን!» ብሎ ጮኸ። ጭንቅላቱ ከጭነት መኪናው ብረት ጋር ተጋጨ። «የቤንዚኑን ታንክ ክዳን ይክፈቱት! አሁኑኑ ጋሼ!»

«የቤንዚኑን? ከኮይሉ ጋር ምን...»

«ይክፈቱት ብያለሁ!»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸባቸው። በስልኩ ውስጥ የጋሼ እርምጃ ተሰማው፤ ከዚያ ሲያምጡ ተሰማው፤ አልከፈት ብሏቸዋል። ከዚያ ያ ረጅም ትንፋሽ መጣ። እትዬ ከሩቅ «ምንድነው የተነፈሰው?» ሲሉ ሰማ። ሞተሪኖው ተሽከረከረ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ሆስፒታሉ ሲደርስ እነሱ ቀድመውታል። የገቡት ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው። አስር ደቂቃ። ከሦስቱ ሩብ ሰዓት አንዱን ብቻ ባይጠብቁ ኖሮ ይደርሱ ነበር።

በመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘርግተዋል። በመስታወቱ በኩል የእሳቸው አልጋ ይታያል፤ አንድ ቀጭን ወጣት ተኝቶበታል። ሲደወልለት እየሮጠ ስለመጣ የጫማው ገመድ እንኳ አልታሰረም። እናቱ በሩ አጠገብ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታለቅሳለች፤ የደስታ ነው። እሷን ማን ይቆጣት? ሲስተርን ማን ይቆጣት? ሲስተር ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከፊታቸው ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እስከ ሁለት ተኩል ያዝኩላችሁ አባቴ። ከዚያ በላይ እንዴት ልያዝ? እሱም ስምንት ወር ጠብቋል።» ወደ እትዬ ጎንበስ አለች። «ዝርዝሩ ላይ አስገብቻለሁ። አስራ አራተኛ ነዎት። ትንፋሽ ካጠረዎት በድንገተኛ በኩል ይምጡ፤ የተቻለንን እናደርጋለን።»

«አስራ አራተኛ» አሉ እትዬ። «ትምህርት ቤት ሳለሁ እንኳ እንዲህ ወደ ኋላ ቀርቼ አላውቅም።»

ሲስተር ሄደች።

ጋሼ ክዳኑን በመዳፋቸው ይዘዋል። ድርቡን ላስቲክ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«በፊተኛዋ ላይ የነበረችውን ቀዳዳ የበሳሃት አንተ ነህ።»

«አዎ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ያን ሰኞ።»

«ኮይሉስ?»

«ኮይሉ ደህና ነበር።»

ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ እንዲህ እያሉ ዘጠኝ ደረሱ። «ዘጠኝ ቀን ታውቅ ነበር» አሉ። «ብትነግረኝ ምን እሆናለሁ ብለህ ነው?»

«ያዝናሉ ብዬ ነው ጋሼ።» ድምፁ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነበት። «ራስዎን ይወቅሳሉ ብዬ።»

«አዝን ነበር» አሉ ጋሼ። «አዝንና ላስቲኳን እጥላት ነበር።»

አልተሳደቡም፣ አልጮኹም። ጣጣየለው ቢሰድቡት ወደደ፤ በጥፊ ቢሉት ወደደ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋበት። እነዚያ ያገኙትን ሁሉ የሚፈቱ የሚያስሩ እጆች ጉልበቱ ላይ ተጋድመው ምንም የማይፈቱት ነገር ፊት ተቀምጠዋል። መስታወቱ ማዶ መሣሪያው ይዞራል፤ የሰው ደም ይዞ፣ አንዴም ሳያቋርጥ።

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«ሽታውን እኮ እችለው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለታችሁም አልጠየቃችሁኝም እንጂ።»

ሲመለሱ ጣጣየለው ነዳ። ጋሼ ቁልፉን ሰጥተውታል። ከኋላ ከእትዬ ጎን ተቀምጠው እጃቸውን ይዘዋል፤ ክዳኑ አሁን ላስቲክ የለውም፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው እንኳ የቤንዚኑ ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። እትዬ መሀረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገዋል። አንድም ጊዜ አላጉረመረሙም። በመስታወቱ ሲያያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ይተኙ ይታመሙ አላወቀም፤ ለመጠየቅም ድፍረት አጣ።

ዳገቱን ወርደው ሜዳው ላይ ሲወጡ ሞተሩን አዳመጠ። ልማድ ነው። አንዲት ጉድለት የለባትም፤ ካንዴላዎቿ ሁሉ በየተራቸው ይመታሉ፣ ቤንዚኗ እኩል ይፈስሳል። በዚያች ሰዓት በሕይወቱ ለማንም መኪና ያልተመኘውን ነገር ተመኘላት። ትቁም አለ በልቡ። አንድ ጊዜ ትቁምና ልውረድ፤ ኮፈኗን ልክፈት፤ እጄ የሚችለው አንድ ነገር ላግኝ።

አልቆመችም። የጡብ ፋብሪካውን ዞራ፣ ኮረኮንቹን አልፋ፣ እስከ ደጃፋቸው ደህና ገባች።